ግልጽ ደብዳቤ፦ በትንሽ በጀት የአደጋ ድራማ ለምትሠሩና ለምታሰራጩ

ለተከበራችሁ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የድራማ ክፍል ኃላፊዎች፣ ፕሮዲውሰሮችና ዳይሬክተሮች
አዲስ አበባ

ርዕደ መሬት፣ እሳተ ገሞራ ወይም ከሰማይ የሚወርድ አለት ያለበት ተከታታይ ድራማ ጽፎ ወደ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው ምላሽ አንድ ዓይነት ነው፦ «የእኛ ተመልካች ሳይንስ ልብወለድ አይወድም፤ ደግሞም በዚህ በጀት አይሠራም።» ሁለቱም ትክክል አይመስሉንም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ፒያሳና አራት ኪሎ ካፌዎች ውስጥ ተመልካቹ የሚለውን ማዳመጥ ይበቃል።

በአማርኛ ተተርጉመው የሚቀርቡትን የውጭ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ክፍል የአደጋ ድራማዎች ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ግራፊክሱ ያስታውቃል» ነው። የቱ ጋ ሲደርስ ቻናል እንደቀየረ ሲጠየቅ ግን ግራፊክሱን አያነሳም። የሚያነሳው መሬቱ እየተሰነጠቀ መኪናውን ከኋላ ሲያሳድደው፣ ሹፌሩ ሲታጠፍም ስንጥቁ አብሮ ሲታጠፍ ነው። ሁለቱ ተዋንያን ተነጋግረው እስኪጨርሱ መንቀጥቀጡ ቆሞ ሲጠብቃቸው ነው። በመጀመሪያው ክፍል በአንድ ከተማ የወደቀው ፎቅ በሁለተኛው ክፍል በሌላ ከተማ ስም ተመልሶ ሲወድቅ ነው። መጨረሻ ላይም የተቀበረ የኑክሌር ቦምብ ምድርን መልሶ ሲሰፋት። ተመልካቹ ርካሽ ምስልን ይቅር ይላል፤ በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር በሸራና በጣውላ የቆመ ቤት አምኖ ሲያለቅስ የኖረ ሕዝብ ነው። ምክንያትና ውጤት ሲጣሉ ግን ይቅር አይልም። ያ ችግር ደግሞ በገንዘብ የሚፈታ ስላልሆነ ትንሽ በጀት ላለው ሠሪ ትልቅ ዕድል ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ጸሐፊዎች ፍርሃቱን ለማክበድ የርዕደ መሬቱን መጠን ከፍ ያደርጋሉ፤ 10፣ 10.5፣ 11። በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 ቺሊ ላይ የደረሰው 9.5 ነው። አንድ ሙሉ ቁጥር በተጨመረ ቁጥር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ያህል ያድጋል፤ መጠኑ የሚወሰነውም በአብዛኛው በተንሸራተተው ስንጥቅ ርዝመትና ስፋት ነው። ለ10.5 የሚበቃ ስንጥቅ የምድርን አብዛኛውን ዙሪያ መክበብ ይኖርበታል፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ የለም። የቦምቡም ነገር እንዲሁ ነው። መጠኑ 6 የሆነ ርዕደ መሬት በሞገድ የሚያሰራጨው ኃይል ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው ቦምብ ጋር ይቀራረባል፤ የቺሊው ደግሞ የዚያን ወደ 180 ሺህ እጥፍ ነው። ይህን ያህል ኃይል በጥቂት ቦምቦች «ማስቆም» የሚለው መፍትሔ የፊዚክስ ተማሪ ያለበት ቤት ውስጥ ሁሉ ይወድቃል።

ለአዲስ አበባ ታሪክ 6 ከበቂ በላይ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረውን ተከታታይ መንቀጥቀጥ የዚህ ከተማ ሰው በገዛ አልጋው ላይ አውቆታል። ተመልካቹ ልምዱ አለው ማለት ነው፤ ውሸቱን የሚለየውም በዚያ ነው። ስለዚህ ትዕይንቱ እውነተኛውን ቅደም ተከተል ይከተል።

ያ አካባቢ ከፒያሳ በቀጥታ መስመር 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቀድሞ የሚደርሰው ፒ ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዋናውን ማወዛወዝ የሚያመጣው ኤስ ሞገድ 3.5 ያህል። ፒ በ23 ሰከንድ፣ ኤስ በ40 ሰከንድ ይደርሳሉ። በመካከል 17 ሰከንድ አለ። ይህ ለስክሪፕት ጸሐፊ የተሰጠ ሀብት ነው። መጀመሪያ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ይንቀጫቀጫሉ፣ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል፤ ቤት ውስጥ ያሉት ከባድ መኪና ያለፈ ይመስላቸዋል። አንዷ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ሌላው ወሬውን ይቀጥላል። ከ17 ሰከንድ በኋላ ክፍሉ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ማን ወደ ልጁ፣ ማን ወደ በሩ፣ ማን ወደ ስልኩ እንደሄደ ካሳያችሁ የገጸ ባሕርዩ ግማሽ ተነግሯል፤ ወጪውም አንድ ክፍልና ሦስት ተዋንያን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ከሩቅ የመጣ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ደክሞ ዝግ ያለው ይተርፋል፤ ዝግ ያለው ደግሞ ረጃጅም ሕንፃዎችን ይበልጥ ያወዛውዛል። ስለዚህ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለችው ጸሐፊ ግድግዳ ይዛ ስትጮህ ከሕንፃው ሥር ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ምንም ላይሰማው ይችላል። መንቀጥቀጡ አልፎ ሰዎች ደንግጠው ሲወጡ እሱ ቀና ብሎ ያያቸዋል። እንዲህ ያለውን ትዕይንት ከቸርችል ጎዳና ላይ በአንድ ካሜራ መቅረጽ ይቻላል፣ ማንም ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ድራማም ከዚህ የተሻለ አያሳይም።

አሁን አሠራሩ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ካሜራውን በእጅ ይዞ በማንዘፍዘፍ ነው። ተመልካቹ ምክንያቱን በቃል ላይናገረው ይችላል፣ ዓይኑ ግን ይይዘዋል፦ ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ከቆመ ከወለሉና ከግድግዳው ጋር አብሮ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ በምስሉ ላይ በብዛት መንቀሳቀስ ያለበት የተንጠለጠለውና ያልተጣበቀው ነገር ነው። ካሜራውን በትሪፖድ አቁሙት። አምፖሉን፣ መጋረጃውንና ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ በቀጭን የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ክር አስራችሁ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ባለ ሰው አስጎትቱ። ክሩ እንዳያበራ ብርሃኑ ከጎን አይምጣበት፤ ካስፈለገም በጥቁር ማርከር ይቀባ። 1 ሜትር ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ አምፖል ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ይወስድበታል፣ ባለ 25 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሰከንድ። ረዳቱ ከዚህ አፍጥኖ ከጎተተው ክሩ ባይታይም ሐሰቱ ይታያል። ለሲኒውና ለብርጭቆው ውሃ ከጠረጴዛው ሥር ባስ ስፒከር አስቀምጣችሁ 30 ኸርዝ አካባቢ ድምፅ ልቀቁ፤ ውሃው ላይ ክብ ክብ ሞገድ ይወጣል። ካሜራውን መነቅነቅ የግድ ከሆነ ኤስ ሞገዱ ሲደርስ ብቻ፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ ወደ ጎን ይሁን።

ሕንፃ ሲፈርስ የሚታየውም የራሱ ሕግ አለው። በግራፊክስ የሚፈርሱት ፎቆች ወዲያው ዱቄት ይሆናሉ፤ ፌሮ አይታይም። የከተማችን ሕንፃዎች አብዛኞቹ የአርማታ ኮለንና ሶሌታ ሆነው መካከላቸው በብሎኬት የተሞላ ነው። መጀመሪያ የሚጎዳው ብሎኬቱ ነው፤ በኤክስ ቅርጽ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ወደ ውጭ ይረግፋል። ኮለኑ ከተሰበረ ፌሮው ወደ ውጭ ጎብጦ ይወጣል። የድሮዎቹ የሠራተኛ ሰፈር ዓይነት ጭቃ ቤቶች ደግሞ ምርጊታቸው ይረግፋል እንጂ የእንጨት ማገራቸው ሊለመጥና ሊተርፍ ይችላል። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ውስጥ ውሃው ይናጣል፣ ክዳኑን አንስቶ ይፈሳል። አንድ የተሰነጠቀ የብሎኬት ግድግዳና አንድ እየፈሰሰ ያለ ሮቶ በትክክል ካሳያችሁ ሙሉ ከተማ በኮምፒውተር ማፍረስ አያስፈልጋችሁም።

የግድ ፎቅ መውደቅ ካለበት ከርካሽ ግራፊክስ ይልቅ ትንሽ ሞዴል ሠርቶ ማፍረሱ ይሻላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሞዴሉ ከእውነተኛው ያነሰበትን እጥፍ ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ የካሜራውን ፍጥነት በዚያ ማባዛት። በ1 ለ16 የተሠራ ሞዴል 4 እጥፍ፣ ማለትም በሰከንድ 96 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይፈልጋል፤ በ1 ለ25 የተሠራው 5 እጥፍ፣ 120 ፍሬም፤ ሲታይ በ24 ይታያል። ዛሬ ብዙ የእጅ ስልኮች 120 ፍሬም ይቀርጻሉ። 12 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ በ1 ለ16 ሲሠራ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ግድግዳው ከቀጭን ጀሶ ይሁን፣ እንዲሳሳ ሰጋቱራ ይደባለቅበት፣ መሰበር ያለበት ቦታ ላይ ከጀርባው በቢላዋ ይጫር። ፌሮው ቀጭን ሽቦ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11 ወይም 16 ላይ ይጥበብ፣ ያለበለዚያ ከፊትና ከኋላ ደብዝዞ አሻንጉሊትነቱን ያጋልጣል፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ብርሃን ያስፈልጋል፣ የቀትር ፀሐይ በነጻ ይሰጣል። ውሃና እሳት ግን በሞዴል አይሞከር። የውሃ ጠብታና የእሳት ምላስ አብሮ አያንስም፤ ጎርፉ የባልዲ ውሃ መስሎ ይቀራል።

ስለ አቧራ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለፍርስራሽ ሲሚንቶ የሚበትኑ ቀረጻዎች አሉ፤ ሲሚንቶ እርጥበት ሲያገኝ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ሳንባም ይጎዳል። የስንዴ ዱቄትም በዝግ ክፍል ውስጥ ተበትኖ ሻማ ወይም የጋለ መብራት ካገኘው ይፈነዳል። በደንብ የተነፋ ደረቅ የሸክላ አፈር፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ ማስክ አድርጎ፣ ተዋናዩ ትንፋሹን በሚይዝባት አጭር ሾት ብቻ።

የመሬት መሰንጠቅ ማሳየት ለምትፈልጉ፦ ስንጥቅ ሰውን አያሳድድም፣ ከፍቶም መልሶ አይዘጋም። ግን የእኛ አገር እውነት ከፈጠራው ይበልጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር ገፍቶ ለያያት፤ የፈጀውም ሳምንታት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በአንድ ሌሊት ለሁለት ተከፍላ ባሕር ሲገባባት የሚያሳይ ታሪክ ግን አይሠራም፤ ዋናው ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው ከ1 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ነው። በ1898 ዓ.ም. የላንጋኖ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። ለታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ መነሻ ከየት ይመጣል?

ይህንን ሁሉ የሚያውቅ ተቋም አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ከ1950 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ርዕደ መሬት ይመዘግባል፤ መሥራቹ ፒየር ጉዋን የአገራችንንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። ድራማዎቹ ውስጥ ግን ሳይንቲስቱ ሁልጊዜ ብቻውን ነው፣ ማንም አይሰማውም፣ ሁለት ገጽ ሙሉም ያስረዳል። የሥራው እውነት ሌላ ነው። በፒና በኤስ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ስታባዙት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይመጣል፤ 17 ሲባዛ በ8፣ 136። ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ የሦስት ጣቢያ ንባብ ያስፈልጋል፤ በየጣቢያው ዙሪያ በየርቀቱ የሚሰመሩት ሦስት ክበቦች የሚገናኙበት ነጥብ ነው የሚፈለገው። ሁለት ጣቢያ መልስ ሰጥቶ ሦስተኛው መብራት ጠፍቶበት ዝም ያለበት ሌሊት የሚበቃ ውጥረት አለው፤ ተዋናይዋም ንግግሩን ትታ ማስመሪያና ኮምፓስ ይዛ ካርታ ላይ ልትሠራው ትችላለች።

ከሰማይ ስለሚመጣው አለት ተመልካቹ በጣም የተሰላቸው ከተማ የሚያክል ኳስ ሲወድቅ በማየት ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2013 ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳው ስፋቱ 20 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። የመጣው በፀሐይ አቅጣጫ ስለነበር ቀድሞ ያየው ቴሌስኮፕ አልነበረም። የፈነዳው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ወዲያው ታየ፣ ግፊቱ ግን ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃና ከዚያም በላይ ቆይቶ ደረሰ። ሰው ምንድነው ብሎ መስኮት ላይ ተደርድሮ ሲያይ መስታወቱ ፊቱ ላይ ፈነዳ። 1,500 ያህል ሰው ተጎዳ፣ አብዛኛው በመስታወት። ይህን ወደ እንጦጦ ሰማይ አምጡት። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቀን ወደ ፀሐይ ሊያዩ አይችሉም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ የማንም ድክመት አይሆንም።

ለቀረጻው ጠንካራ የኤልኢዲ መብራት ረጅም ዘንግ ላይ ታስሮ ሁለት ሰው ከመስኮቱ ውጭ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ከአሥር ሰከንድ ለበለጠ ጊዜ ያሳልፉት። ዋናው ነገር ብርሃኑ ሳይሆን ጥላው ነው፤ የወንበሩና የሰዎቹ ጥላ ግድግዳው ላይ ዞሮ ማለፍ አለበት። ከዚያ ዝምታ። ዝምታውን አትቁረጡት፤ ኤዲተሩ ወደ ሃያ ሰከንድ ሊያሳጥረው ይፈልጋል፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ተዉት። ከዚያ መስታወቱ።

መስታወቱ የስኳር ነው፦ 3 እጅ ስኳር፣ 2 እጅ ውሃ፣ 1 እጅ ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበት ግሉኮስ ሽሮፕ። መመሪያዎች ሁሉ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አፍሉት ይላሉ፤ ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ላይ ስለሆነ እዚህ 142 አካባቢ መውረድ አለበት። ይህን ያላወቀ ሰው 150 ድረስ ሲጠብቅ ስኳሩ ቢጫ ይሆንበታል፣ መስታወቱም ማር ይመስላል። ቀድሞ ካወረደው ደግሞ አይሰበርም፣ ይለመጣል። በዘይት የታሸ ትሪ ላይ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፍሰስ፤ ትሪው አስቀድሞ ይሙቅ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ገና ሲፈስ ይሰነጠቃል። በክረምት እርጥበት ስቦ ስለሚያጣብቅ በተሠራበት ቀን ይቀረጽ፤ ከመብራትም ይራቅ። ጠርዙ ሊቆርጥ ስለሚችል ወደ ተዋናይ ፊት አይወርወር።

ለእሳተ ገሞራ አመድ አጭር ነገር ብቻ፦ አመድ እንደ በረዶ አይቀልጥም፣ ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፣ ቆርቆሮ ጣራ ያጎብጣል። የሚሄደውም ነፋሱ ወደሚወስደው ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ላይ የፈነዳው የሃይሊ ጉቢ አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል። ፍንዳታ በተባለ ቁጥር አዲስ አበባን አመድ ማልበስ አያስኬድም።

ከሁሉ የሚረሳው ድምፅ ነው፤ ከአሥር ብር ሦስቱን ለእሱ መድቡ እንላለን። ብዙ ድራማዎች መንቀጥቀጡን በአንድ ወጥ ጉርምርምታ ይሸፍኑታል። ያ ጉርምርምታ 40 ኸርዝ ላይ ከተሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ያስፈራል፣ በቤት ቴሌቪዥንና በስልክ ስፒከር ግን ጨርሶ አይሰማም፤ ትንንሽ ስፒከሮች ያንን አያወጡም። ከ150 እስከ 300 ኸርዝ ያለ ድርብ ጨምሩበት። ከዚያም በላይ የሚያሳምነው የምናውቀው ነገር ድምፅ ነው፦ ቆርቆሮ ጣራ፣ የሱቅ ላሜራ መዝጊያ፣ ብፌ ውስጥ ያለ ብርጭቆ፣ ውሻ፣ ከዚያ የመኪና አላርም። ላሜራውን ሌሊት፣ ፒያሳ ጸጥ ሲል፣ ማይክራፎኑን አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ ቅረጹት። ጀነሬተሩን ከሕንፃው ጀርባ አርቁ፤ የጀነሬተር ድምፅ ከገባበት ንግግር ላይ ማንም መልሶ አያወጣውም።

የምታሰራጩት ደግሞ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ የልብወለድ «ሰበር ዜና» በጣቢያችሁ እውነተኛ ሎጎና በእውነተኛ የዜና አንባቢ አይቅረብ፤ ትዕይንቱ ተቆርጦ በስልክ ሲዞር ልብወለድነቱ ይጠፋል። ትዕይንቱ ባለበት ጊዜ ሁሉ «ልብወለድ» የሚል ጽሑፍ ጥግ ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ጀግናው መሬት እየተንቀጠቀጠ በደረጃ ሲሮጥ ወይም ሊፍት ውስጥ ሲገባ አይታይ፤ ከታየም መዘዙ ይታይ። ዝቅ ብሎ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ ራስን መሸፈን፣ እግሩን ይዞ መቆየት፤ መውጣት መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላ። በክፍሉ መጨረሻ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ነጻ ስልክ 939 ለጥቂት ሰከንድ ይታይ።

የስክሪፕት ግምገማችሁም እንዲለወጥ እንጠይቃለን። የአደጋ ድራማ ይዞ የመጣን ሰው የወደቀ ከተማ በግራፊክስ ሠርተህ አምጣ አትበሉት። አንድ ክፍል፣ ሦስት ተዋናይ፣ አንድ የተንጠለጠለ አምፖል፣ በፒና በኤስ መካከል ያለችው 17 ሰከንድ፤ ጠቅላላ ሦስት ደቂቃ። ያንን በአንድ ቀን ቀርጾ ማምጣት ይችላል። ያንን አይታችሁ ወስኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በቸርችል ጎዳና አካባቢ በካሜራ፣ በድምፅ፣ በመድረክ ግንባታና በቅንብር ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች